የሀምዳን ሦስት ፖስታዎች

እስቲ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ፤ በሩንም ገርበብ አድርጉት። የአንኮበር ጉም ከወሬው ጋር አብሮ ይገባልና ጋቢያችሁን ሰብሰብ አድርጉ። የአንድ ደግ ሰው ስም ሊጠፋ ሲል እንዴት እንደተረፈ ላውጋችሁ። ሰውየው ራሱ አልተረፈም፤ ልባችሁ እንዳይንጠለጠል እሱን አስቀድሜ ነግሬያችኋለሁ።

የካቲት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ኢንስፔክተር ይመኙሻል ደብረ ብርሃን ወዳለው ቢሮዋ ስትገባ አንዲት ሴት ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብላ አገኘች። ኡሙሀኒ ትባላለች፤ በአልዩ አምባ ገበያ በርበሬ የምትነግድ፣ ስድሳውን የተሻገረች ሴት ናት። ኢንስፔክተሯን ስታይ ተነሣችና የሻሿን ጫፍ አገጯ ሥር አጠበቀች።

«ልጄ፣ ወንድሜ ውጭ መኪናው ውስጥ ነው» አለቻት፤ ልክ ሰውየው ብርድ እየመታው የሚጠብቃት ይመስል።

ይመኙሻል በመስኮት አየች። ከአንዲት ፒካፕ ኋላ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ አስከሬን ተጋድሟል፤ ሁለት ዘመዶች ግራና ቀኝ ተቀምጠው እንዳይንሸራተት በእጃቸው ደግፈውታል። ሟቹ ሀምዳን ነው። ከትናንት በስቲያ ማለዳ አንኮበር ላይ ካለው ሎጁ በታች፣ ገደል ሥር ወድቆ ተገኘ። ሐኪሞች መርምረው ከከፍታ ከመውደቅ በቀር ሌላ ምልክት እንዳላገኙ ጽፈዋል። መጀመሪያ የደረሱት ፖሊሶች ደግሞ ራሱን እንደወረወረ ደምድመዋል። ምክንያታቸው አንድ ነው፦ በመኝታ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ፖስታዎች ተደርድረው ተገኙ፤ በእያንዳንዳቸው ላይ የአንድ ሠራተኛ ስም፣ ውስጣቸውም አምስት አምስት ሺህ ብር። የስንብት ነው ብለው መዝገቡን ሊዘጉት ነው።

«ዛሬ ከአሱር ሶላት ጋር ይቀበራል» አለች ኡሙሀኒ። «ሰው ይሰግድበታል፤ ማን ይከለክላል። ግን በልባቸው ‹ራሱን የጣለው› እያሉ ነው የሚሰግዱበት። ከዚያ ወዲያ ስሙ ያ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት መርከብ ጫፍ ላይ ቆሞ ውሃው ያልወሰደው ሰው፣ አገሩ ገብቶ ገደል ይግባ? ማታውን ደውሎ ‹ለጁምዓ እወርዳለሁ፣ ፓፓያ ገዝተሽ ጠብቂኝ› ብሎኛል። ፓፓያው እቤት በስሎ ተቀምጧል። አፈር ሳይለብስ ድረሺልኝ።»

ይመኙሻል ቃል አልገባችላትም፤ ቃል መግባት አትወድም። ፋይሉንና ፖስታዎቹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ሁለት ፖሊሶች አስከትላ ወደ አንኮበር ተነሣች። ፒካፗ ለጥቂት ጊዜ ከፊቷ ሄደች። ከዚያ ጉሙ መጣና መኪናዋን ከነአስከሬኑ ዋጣት።

ሀምዳን ማን እንደነበር መንገድ ላይ እያለን ልንገራችሁ። በወጣትነቱ በጅቡቲ በኩል ወጥቶ የሀብታም መንገደኞች በሚንሸራሸሩበት ትልቅ መርከብ ላይ ክፍል አስተናጋጅ ሆነ። አልጋ እያነጠፈ፣ ፎጣ በዳክዬና በዝሆን ቅርጽ እያጠፈ ዕድሜውን ጨረሰ። ባጠራቀመው ብር አንኮበር ጫፍ ላይ፣ ከሸዋ ደጋ ወደ ቆላው ቁልቁል በሚያሳየው ዐለት ራስ፣ ስድስት ክፍል ያለው ሎጅ ሠራ። ክፍሎቹን እንደ መርከቡ ወግ «ካቢን» ይላቸው ነበር። አልጋ ማንጠፉን ለሌላ ሰው አይሰጥም፤ ራሱ ነው የሚያነጥፈው።

የመርከቡን የጉርሻ ሥርዓትም ይዞት መጣ። በእንግዳው ሂሳብ ላይ አሥር በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይታሰባል፤ እሱም የቤቱ ሳይሆን የሠራተኞቹ ነው። ያልፈለገ እንግዳ መቀበያው ዘንድ ሄዶ «ይነሣልኝ» ቢል ይነሣለታል፤ ማንም ፊቱን አያጠቁርበትም። ከዚያ በላይ ማመስገን የወደደ ደግሞ ሊሄድ ሲል፣ በመጨረሻው እራት ላይ፣ በፖስታ አድርጎ በእጁ ይሰጣል። ሀምዳን ሲያጫውት «መርከብ ላይ ሳምንቱን ሙሉ ሦስት ሰው የሚያህል በልቶ የመጨረሻውን እራት የሚጾም እንግዳ ነበር» ይል ነበር። «ሆዱን አሞት እንዳይመስላችሁ፤ ኪሱን ነው።»

ይመኙሻል ስትደርስ ሎጁ በጉም ተከቦ ራሱ መርከብ መስሏል። የቀረው ጠርዝ ብቻ ነበር፤ ከጠርዙ ወዲያ ነጭ ባዶ። በሩን የከፈተላት ዘበኛው ገብረጻድቅ ነው፤ ሰባ ዓመት የተጠጋው፣ ደረቅ ሳል የማይለየው ሽማግሌ። አስከሬኑን ያገኘውም እሱ ነው። ሰላምታ ሳይጨርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያን ቀን ማለዳ ገና ሳይነጋ ከገደሉ አፋፍ ወደ ቤቱ የሚመጣ የእግር ኮቴ ጠጠሩ ላይ እንደሰማ ነገራት። ጋሽ ሀምዳን ሰግዶ፣ ተንሸራሽሮ የተመለሰ መስሎት ነበር። ኋላ ወርዶ ሬሳውን ሲያገኘው ግን እጁን ነካው፤ ቀዝቅዟል።

«ታዲያ የተመለሰው ማን ነው?» አላት፤ አማተበም። «ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል አላልፍም።»

«መልኩን አዩት?»

«በዚያ ጉም? ኧረ የራሴን ዱላም አላየሁ።»

የሀምዳን ክፍል ንጹሕ ነበር። አልጋው ላይ ከፎጣ የታጠፈች ዳክዬ አንገቷን ቀልሳ ተቀምጣለች፤ የሞተ ሰው እጅ ያጠፋት ስለሆነች ማንም ሊነካት አልደፈረም። ይመኙሻል ፖስታዎቹን ከቦርሳዋ አወጣችና በፋይሉ ፎቶ ላይ እንዳሉት ደረደረቻቸው፦ ጁወይሪያ፣ ገብረጻድቅ፣ ነቢዩ። ከበሩ ጀርባ በየክፍሉ የሚሰቀለው ካርድ አለ፦ «የሚያገለግሉዎት» ይልና ወጥ ቤት ጁወይሪያ፣ ጥበቃ ገብረጻድቅ፣ መቀበያ ነቢዩ ብሎ ያበቃል። ካርዱንም ፖስታውንም አየች። ፋይሉን ገልጣ ፖሊሶቹ የተቀበሉትን ቃል ቆጠረች፤ ሦስት ነው፤ በዚያው ቅደም ተከተል። ፋይሉን ዘጋችው።

መጀመሪያ ነቢዩን አነጋገረች። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የደብረ ብርሃን ልጅ፣ የሆቴል ትምህርት የተማረ፣ ሸሚዙ በሐዘን ቀን እንኳ የተተኮሰ። ዐይኑ ቀልቷል። ያን ቀን ጋሽ ገብረጻድቅ ሲጮኽ ነው ከእንቅልፉ የነቃው። ስለ ፖስታዎቹ ስትጠይቀው ለማስረዳት ቸኮለ።

«መርከብ ላይ ሰው ሲሰናበት እንዲህ ነው የሚያደርገው» አላት። «ለእያንዳንዱ በየስሙ። ስንቴ አጫውቶናል። እንግዶቹንም በመጨረሻው እራት ላይ እሱ ራሱ ነው የሚነግራቸው።»

«ምን ይላቸዋል?»

«ያው፣ ካርዱ ላይ ላሉት እንዲያመሰግኑ። እኔ እንኳ ያን ሰዓት የማለዳ ተጓዦችን ሂሳብ ስለማዘጋጅ እዚሁ መቀበያው ላይ ነኝ፤ እራቴንም ጁወይሪያ በሳህን ታመጣልኛለች።»

ጋሽ ሀምዳንን ምን አሳዘነው ብላ ስትጠይቀው፣ ከመሳቢያው የወረቀት ክምር አወጣ። ከገና ወዲህ ከአሥር እንግዳ ስድስቱ የአገልግሎት ክፍያው ይነሣልኝ ብሎ ፈርሟል። ጋሽ ሀምዳን ያን እያየ ሲብሰከሰክ ከረመ፤ ሎጁ እየሞተ መሰለው፤ በመጨረሻም አልቻለም። ነቢዩ ይህን ሲናገር ድምፁ ተሰበረ። ይመኙሻል ወረቀቱን ተዋሰችው።

ጁወይሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ነበረች፤ ምንም ሳታበስል እጇን በእሳቱ ላይ ዘርግታ። አርባ ዓመት የሚሆናት የአልዩ አምባ በኩል ሴት ናት፤ ምላሷ ስል ነው፤ ያን ቀን ግን ደንዝዟል። ያ ወረቀት ሲበዛ ምን እንዳደረጋቸው ለይመኙሻል ነገረቻት። ማንም እንግዳ ፊት ለፊት ክፉ አይናገርም፤ ሲሄድ ግን ክፍያውን አስነሥቶ ይሄዳል። እናም እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። እሷ ማታ ማታ ወጡን አሥሬ ትቀምሳለች። ገብረጻድቅ እንግዳ ባለበት ላለመሳል ጉም ውስጥ እየወጣ ይስላል።

«‹የአንተ ሳል ነው እንግዳ የሚያባርረው› አልኩት አንድ ቀን» አለች ወደ ምድጃው እያየች። «እሱም ‹ያንቺ ጨው ነው› አለኝ። ስምንት ዓመት አንድ ቤት ስንሠራ ክፉ ተነጋግረን አናውቅም ነበር፤ ወላሂ። የማይታይ ነገር ቤቱ የገባ መስሎኝ ሼህ ጠርቼ ቁርአን ሁሉ አስቀርቻለሁ።»

ከዚያ አንድ ሌላ ነገር ጨመረች። ከመሞቱ በፊት በነበረው ማታ ሀምዳንና ሸሪኩ ዘርአ ዳዊት ሎጁ እስኪሰማ ተጨቃጭቀዋል።

ዘርአ ዳዊት ደብረ ብርሃን ላይ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለው፤ ለሎጁ ግማሹን ወጪ ያወጣ እሱ ነው። ሰፊ ሰው ነው፤ ሲቀመጥ ወንበሩ ይጮኻል። ያን ሌሊት ሎጁ ሦስተኛው ክፍል ውስጥ አድሯል፤ ከዚያ ወዲህም አልሄደም፤ ብቻውን ስለተኛ ምስክር የለውም፤ ይህንንም አልደበቀም። ጭቅጭቁን ስታነሣበት ደሙ ፈላ።

«አዎ፣ ተጨቃጭቄያለሁ! ጣራው ያፈሳል፤ አሥሩ በመቶ ለጣራው ይሁን ነው ያልኩት። ‹የሰው ላብ ጣራ አይሆንም› አለኝ። መልካም፤ ይሁን። እኔን የሚያናድደኝ ግን የእራቱ ነገር ነው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እንግዳ ፊት ይቆማል፤ ‹ስማቸውን ለምታውቁት ሦስቱ፣ አንድ ደግሞ ስም ሳትጽፉበት ለማታዩት ሰው› ይላል። በመጣሁ ቁጥር ያው ስብከት ነው። እንግዳ ሊዝናና መጣ እንጂ ሊሰበክ መጣ?»

የይመኙሻል እርሳስ ቆመ።

«አራተኛ ፖስታ አለ ማለት ነው?»

«አለ እንጂ። ስም የሌለው። ለማን እንደሚሄድ እኔ ምን አውቄ፤ ለጅንም ሊሆን ይችላል።»

በሩ ላይ የቆመውን ገብረጻድቅን ጠራችው። የማይታየው ማን ነው ስትለው ሽማግሌው ግራና ቀኝ አየ። ንጋቷ ናት አላት፤ አንሶላ የምታጥበዋ። ገና ሳይነጋ በኋላ በኩል መጥታ የቆሸሸውን ተሸክማ ትወርዳለች፤ ከገደሉ ሥር ካለው ምንጭ አጥባ ትመልሳለች፤ እንግዳ ሲነቃ እሷ የለችም። ስሟ ካርድ ላይ እንዳይወጣ የለመነች ራሷ ናት፤ ባሏ በስሟ የመጣች ሳንቲም አሽትቶ የሚያገኝ ሰካራም ነው። ሀምዳን ስም የሌለውን ፖስታ እየተቀበለ ማለዳ ማለዳ በጓሮ ይሰጣት ነበር። እሳት ሊያነድ በእራቱ ሰዓት እዚያ ስለሚሆን ሽማግሌው ያውቃል፤ ጁወይሪያም ምግቡን የምታቀርብ ስለሆነች ታውቃለች።

«ፖሊሶቹ አነጋግረዋት ነበር?»

«ማን ያስታውሳታል፣ ልጄ። ካርዱ ላይ የለችም።»

ወደ ምንጩ የሚወርደው መንገድ የፍየል መንገድ ነው። ይመኙሻል ጫማዋን እያዳለጣት፣ እጇን በቁጥቋጦ እየደገፈች ወረደች። ንጋቷ አንድ አንሶላ እያጠበች ነበር። ውሃው በረዶ ነው፤ እጇ ቀልቶ ተላልጧል። አንሶላው ግን ነጭ ነው፤ ከመንጣቱ ብዛት ሳስቷል።

«የእሱ ነው» አለች ሳትጠየቅ። «ከትናንት በስቲያ ጀምሮ አጥበዋለሁ። ካቆምኩ ድምፁ ይመጣብኛል።»

ይመኙሻል ድንጋይ ላይ አጠገቧ ተቀመጠች፤ የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ያዘችላት፤ አብረው ጨመቁት። ሴትዮዋ እንደዚህ ሲያግዟት ነው የተናገረችው። ያን ማለዳ እንደ ልማዷ እዚሁ ነበረች። ጉሙ ከራሷ በላይ እንደ ጣሪያ ተዘርግቶ ነበር። ከጉሙ ውስጥ የሀምዳን ድምፅ መጣ፤ ቁጣ የለበትም፤ ልጁን የሚያባብል ሰው ድምፅ ነው።

«‹ራስህ ንገራቸው› አለ። ‹እኔ ከነገርኳቸው ሌባቸው ነህ፤ አንተ ከነገርካቸው ልጃቸው ነህ› አለ። ሁልጊዜ ብቻውን ነው የሚንሸራሸረው፤ ከነፍሱ ጋር የሚያወራ መሰለኝ። ከዚያ ጠጠር ወረደ። ከዚያ...» አንሶላውን ደረቷ ላይ አስጠጋችው። «ቆይቶ እግር ሰማሁ። ወደ ቤቱ የሚመለስ እግር። እሱ ታች ወድቆ፣ እግሩ ከላይ ሲሄድ። መንፈሱ ነው ብዬ ሸሸሁ። ለማንም አልተናገርኩ፤ ማንስ ጠየቀኝ?»

«መንፈስ ጠጠር አያንኮሻኩሽም፣ እቴ» አለቻት ይመኙሻል በለሆሳስ። «የሰማሽው ሕያው ሰው ነው። ነይ አብረን እንውጣ።»

ወደ ሎጁ ስትመለስ ስልክ የሚይዝበትን ጥግ ጠይቃ፣ የነቢዩን ወረቀቶች ይዛ ለብቻዋ ቆመች። አራት ቦታ ደወለች። ሰዓቷን አየች፤ ከቀኑ ሰባት ተኩል ሆኗል። ከዚያ ሁሉም ወደ መመገቢያው ክፍል እንዲገቡ አዘዘች።

ጁወይሪያና ገብረጻድቅ ከምድጃው አጠገብ፣ ዘርአ ዳዊት ከመስኮቱ ሥር፣ ነቢዩ ከጠረጴዛው ራስ ተቀመጡ። ሁለቱ ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ። ንጋቷ እርጥብ ቀሚሷን ይዛ ደጃፉ ላይ አመነታች፤ ስምንት ዓመት የዚያን ቤት አንሶላ ስታጥብ መመገቢያው ክፍል ገብታ አታውቅም። ጁወይሪያ ተነሥታ የራሷን ወንበር ሰጠቻት።

ይመኙሻል ሦስቱን ፖስታዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች።

«እነዚህ የስንብት ናቸው ተባለ» ብላ ጀመረች። «እስቲ እናንተው ንገሩኝ። ሀምዳን እንግዶቹን በመጨረሻው እራት ምን ያህል ፖስታ አዘጋጁ ይላቸዋል?»

«አራት» አለች ጁወይሪያ። ገብረጻድቅ ራሱን ነቀነቀ። ዘርአ ዳዊት «ነገርኩሽ አይደለም» ብሎ አጉረመረመ።

«አራት። ለስምንት ዓመት ለሌላው ሰው ‹የማታዩትን አትርሱ› ሲል የኖረ ሰው፣ በገዛ ስንብቱ ንጋቷን ይረሳል? በየማለዳው በእጁ የሚሰጣትን ሴት? አይረሳም። ስለዚህ ፖስታዎቹን ያዘጋጀው ሀምዳን አይደለም። የሞተው ሰው ራሱን እንደገደለ ለማስመሰል ሌላ ሰው ነው ያዘጋጃቸው። ያ ሰው ደግሞ የመርከቡን ወግ ያውቃል፤ ግን ግማሹን ብቻ።»

ውጭ ጉሙ መስኮቱን እንደ እጅ ይዳብሳል።

«አራተኛውን ፖስታ ጁወይሪያ ታውቀዋለች፤ ምግብ ስታቀርብ ትሰማለች። አባባ ገብረጻድቅ ያውቁታል፤ እሳት ሲያነዱ ይሰማሉ። አቶ ዘርአ ዳዊት ያውቁታል፤ እንዲያውም ይጠሉታል። ከእነዚህ አንዱ ቢሆን ኖሮ አራተኛውን አስቀምጦ ነገሩን የበለጠ ያሳምረው ነበር። በእራቱ ሰዓት እዚህ ክፍል ገብቶ የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ አለ። እሱ የሚያውቀው ራሱ ያተመውን ካርድ ነው። በካርዱ ቅደም ተከተል ስም ጻፈ፤ ሦስት።»

ሁሉም ወደ ነቢዩ ዞረ። እሱ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«በፖስታ ቁጥር ሰው ይወነጀላል እንዴ፣ ኢንስፔክተር? ፖሊሶቹም እኮ ሦስታችንን ብቻ ነው የጠየቁት።»

«ልክ ነህ። እነሱም በካርዱ ነው የሄዱት፤ ስለዚህ ያንተን ስህተት አላዩም። በፖስታው ብቻ አልወነጅልህም።» ወደ ንጋቷ ዞረች። «የሰማሽውን ንገሪያቸው።»

ንጋቷ ዐይኗን ወለሉ ላይ ተክላ ተናገረች። «አንተ ከነገርካቸው ልጃቸው ነህ» የሚለው ላይ ስትደርስ ገብረጻድቅ ሳሉ መጣበት፤ በጋቢው አፈነው።

«ሀምዳን ብቻውን አልነበረም» አለች ይመኙሻል። «አባባ፣ እርስዎ ጠጠሩ ላይ የሰሙትም የዚያ ሰው እግር ነው፤ ነፍስ አይደለም። ያ ሰው ከሠራተኞቹ የሚደብቀው ነገር ነበረው። አቶ ዘርአ ዳዊት የሚደብቁት የላቸውም፤ ጭቅጭቃቸውን ቤቱ በሙሉ ሰምቷል። እነዚህን ወረቀቶች የፈረሙ አራት እንግዶች ዘንድ ደወልኩ። አራቱም አንድ ነገር ነገሩኝ። መቀበያው ላይ ‹አሥሩ በመቶ ለባለቤቶቹ ነው የሚገባው፤ ላንሣላችሁና ግማሹን በእጄ ስጡኝ፣ እኔ ለሠራተኞቹ አካፍላለሁ› ተብለዋል። ሰጥተዋል። አንደኛዋ ሐኪም ናት፤ ባለፈው ሳምንት ለሀምዳን ደውላ ‹የሰጠነው ደረሳቸው ወይ?› ብላዋለች። እሱ የሰማው ያኔ ነው።»

ጁወይሪያ ቀስ ብላ ቀና አለች።

«ጨዉ አልነበረም?» አለች፤ ለማንም አይደለም።

«ጨውም አልነበረም፤ ሳልም አልነበረም። እንግዶቹ ወደዋችሁ ነው የሄዱት።»

የነቢዩ ፈገግታ ጠፋ። ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። መርከብ ላይ የሚያስቀጥረው ደላላ አዲስ አበባ አለ፤ ብሩ ሊሞላለት ትንሽ ቀርቶት ነበር። ጋሽ ሀምዳን ስለ ባሕሩ፣ ወደብ ላይ ስለሚበሩት መብራቶች ባወራ ቁጥር እንቅልፍ አይወስደውም። ያን ማለዳ ሀምዳን ሰግዶ ሲወጣ ቀሰቀሰው፤ ጠርዙ ላይ ሆነው የሰማውን ሁሉ ነገረው። አልተቆጣም። ቁርስ ላይ ስትነግራቸው አብሬህ እቆማለሁ ብሎ ክንዱን ያዘው።

«ገፈተርኩት» አለ። «እጄን እንዲለቀኝ ብዬ ነው። ጠርዙን አላየሁትም። ጉሙ ነው...»

«ጠርዙን ጉሙ ሸፍኖብህ ይሆናል» አለችው ይመኙሻል። «ዳኛ ይየው። ፖስታዎቹን ስትጽፍ ግን ክፍሉ ውስጥ ጉም አልነበረም። የወሰድክባቸውን ብር በሬሳ እጅ መለስክላቸው፤ ዋጋውን ግን ሟቹን በስሙ አስከፈልከው።»

ነቢዩ ተነሣ። ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ በገብረጻድቅ ፊት ቆመና አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው ቀና ብሎ አየው፤ እጁን ግን አላነሣበትም።

«ልጃችን ልትሆን ነበር እኮ» አለው።

ይመኙሻል አልተቀመጠችም። ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ የሚወስደው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ ስትወርድ ጉሙ ከላይ ቀረ፤ የቆላው ፀሐይ ተቀበላት። ስትደርስ ሶላቱ ሊጀመር ወንዶቹ ሰልፍ ይዘው ነበር፤ ጀናዛው ፊታቸው ተቀምጧል። ኡሙሀኒ ከሴቶቹ መካከል ሆና የኢንስፔክተሯን መኪና አየች። ይመኙሻል ሄዳ በጆሮዋ ነገረቻት። ኡሙሀኒ አላለቀሰችም። ከሴቶቹ ወጣ ብላ፣ ሽማግሌዎቹ እየሰሟት፣ ገበያ ላይ በርበሬ በምትጠራበት በዚያ ወፍራም ድምፅ እንዲህ አለች፦

«ወንድሜ ራሱን አልጣለም። የሰው ልጅ ሊያቀና ክንዱን እንደያዘ ነው የሞተው። አሁን ስገዱበት።»

ሰገዱበት።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ወሬ እግሩ ፈጣን ነው፤ እውነት ግን ሽማግሌ ናት፣ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ዛሬም ጫጫ ላይ ወይም ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ብትቀመጡ «ያ ራሱን ገደል የጣለው መርከበኛ» የሚል ሰው አይጠፋም። ያን የሰማችሁ ቀን አትጣሉት፤ ዝም ብላችሁ ግን አትለፉት። ሀምዳን የአልዩ አምባው ሌላውን ይቅር ሊያሰኝ ሄዶ ነው የሞተው በሉልኝ። አደራ፣ አስታውሱልኝ።